ለዘጠኝ የማይካፈል ልዩነት

ጋሼ ክፍሉ በመማሪያ ክፍላቸው ወለል ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ከራሳቸው አጠገብ የተመቱበት የመደመሪያ ማሽን ወድቋል፤ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሣ የድሮ የብረት ማሽን ነው። የአምቡላንስ ሰዎች "ይተነፍሳል" ብለው ሲያነሷቸው ቀይ እስክሪብቷቸው ከሸሚዛቸው ኪስ ወደቀ።

ሐሙስ ሜይ 5፣ 1988፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ሰዓቱን በአበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሥራ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ለፈረንጅ ስተረጉም ስለኖርኩ እዚህ እንኳ ልረፍ።

ፋና ዳኜ እባላለሁ፣ መርማሪ ፖሊስ ነኝ። አባቴ ለትምህርት ሲመጣ በስምንት ዓመቴ ተከትዬው ሎስ አንጀለስ ገባሁ። በጣቢያችን አማርኛ የምሰማ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አበሻ የሚባል ጉዳይ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወረወራል። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ዛሬ "ሊትል ኢትዮጵያ" የሚለው ምልክት ያኔ አልተሰቀለም። የነበሩት ሁለት ምግብ ቤትና የጋሼ ነጅሙዲን ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ናቸው። ጋሼ ክፍሉ የሚያስተምሩት ከዚያ መደብር ጀርባ፣ በኋላ መንገድ በኩል በር ባለው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

ትምህርቱ የሆቴል ሂሳብ አያያዝ ነው። ተማሪዎቹ ዐሥራ ሁለት፤ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ሻንጣ የሚሸከሙ፣ ታክሲ የሚነዱ። ማክሰኞና ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ፤ ስድስት ወር ተምረው ፈተና ካለፉ ከአልጋ ማንጠፍ ወደ ካሸር ወንበር ይሸጋገራሉ። ያን ምሽትም በሰዓታቸው መጥተው ቢጫው የፖሊስ ሪባን ጋ ቆመው ነበር።

መማሪያ ክፍሉን ዞሬ አየሁት። በአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ የተከመሩ ደብተሮች አሉ፤ ቆጠርኳቸው፣ ዐሥራ አንድ። ግድግዳው ላይ በሰዓትና በደቂቃ የተሞላ ወረቀት ተለጥፏል፤ የባስ ሰዓት ዝርዝር መሰለኝና አለፍኩት። ጠረጴዛው ሥር ከማሽኑ የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ፤ 9፣ 7፣ 11፣ 8፣ ከሥራቸው 35። መሐል ላይ ካሉት የተማሪ ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ ደግሞ በራሱ ማስቀመጫ ሳህን የተከደነ አንድ ኩባያ ሻይ፣ አጠገቡ ሦስት ፍሬ ቴምር። ክዳኑን አንሥቼ ጣቴን ነከርኩ። እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ለብ ብሏል።

"የማን ወንበር ነው?" አልኳቸው ተማሪዎቹን።

"የሃጂራ" አለ አንዱ፣ በጣቱ ወደ ጥግ እያሳየኝ።

ሃጂራ ጥግ ላይ ተንበርክካለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የሆቴል ጽዳት ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናለች፣ እጆቿና ጉልበቶቿ በደም ተነክረዋል። መጀመሪያ ያገኘቻቸው እሷ ናት፤ ጮኻ ጎረቤት ያስደወለችው እሷ ናት።

"ምን ሆነ?" አልኳት።

"ውሃ" አለችኝ።

ሁለት ብርጭቆ ሰጥቻት ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ጨለጠቻቸው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

*

የሥራ ባልደረባዬ ሚለር ነገር ማንዛዛት አይወድም። ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉዳዩን ጨርሶት ነበር።

"ደም በደም ሆናለች። የጠፋው ደብተር የእሷ ነው። ማክሰኞ ዕለት ከሰውየው ጋር በተማሪ ፊት ተጣልተዋል፣ ዐሥር ሰው መስክሯል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ደብተሩን ወስዳ የት አደረሰችው?"

"ሎስ አንጀለስ የቆሻሻ ገንዳ አጥቶ ያውቃል?"

ሃጂራን ወሰድናት። ዓርብ ጠዋት የምርመራ ክፍል ውስጥ ውሃና ሳንድዊች አቀረብኩላት። ገፋ አደረገችው። ማታ ሁለት ብርጭቆ የጨለጠች ሴት ጠዋት ጠብታ አልቀምስም አለች። አድማ መሆኑ ነው ብዬ በልቤ ተናደድኩባት።

"እሺ ሃጂራ። ማክሰኞ ለምን ተጣላችሁ?"

"አልተጣላንም እህቴ። ጋሼ ክፍሉ የቤት ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን ከምንሠራበት ሆቴል ቁጥር አምጥተን ደብተር ላይ እንድንመዘግብ። እኔ ያመጣሁት የቆሸሸ አንሶላ ነው። ማታ ማታ ለላውንደሪ ቆጥሬ የማስረክበው እኔ ነኛ! ስንት አልጋ እንደተተኛበት በእጄ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሃምሳ አራት ነበር። ግርማ ደግሞ አርባ አምስት ክፍል ነው የተከራየው ብሎ ጻፈ።"

"ግርማ ማነው?"

"አንድ ሆቴል ነው የምንሠራው። ኤርፖርቱ ጋ፣ ዌስትቼስተር። እሱ ፍሮንት ዴስክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ጋሼ ክፍሉ 'ቁጥሩን ገልብጠሽው ነው' አሉኝ። አልገለበጥኩም ብዬ ጮኽኩ። ሳቁብኝ።" አንገቷን ደፋች። "ሽማግሌ ላይ መጮኼ አሁንም ያሳፍረኛል።"

"ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?"

"ሥራ። እስከ አሥራ ሁለት አልጋ ሳነጥፍ ነበር። ከዚያ በባስ መጣሁ። አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ በሩን ስከፍተው ወድቀዋል።"

ሆቴሉ ደውዬ የሥራ ሰዓት የሚመዘገብበትን ታይም ካርዷን አስነበብኩ። ሐሙስ የወጣችው አሥር ሰዓት ላይ ነው ይላል። ተመልሼ ስጠይቃት አልደነገጠችም።

"አሥር ሰዓት ላይ ካርዱን ፓንች አድርገን፣ የወጣን አስመስለን እንመለሳለን። ሱፐርቫይዘሯ ኦቨርታይም አልከፍልም ስለምትል የቀረንን ክፍል በነጻ ነው የምንጨርሰው። አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆች ጠይቂያቸው።"

ጠየቅኳቸው። አራት ሴቶች አራቱም ምንም አላየንም አሉ፤ እንጀራቸው ነው፣ አልፈረድኩባቸውም። ሃጂራ ግን አሥር ሰዓት ላይ የወጣች፣ ለሦስት ሰዓት ተኩል የት እንደነበረች የሚመሰክርላት የሌላት ሴት ሆነች።

ከምርመራ ክፍሉ ስወጣ እጄን ያዘችኝ።

"ሰኞ ሦስት ሰዓት ኢሚግሬሽን ቀጠሮ አለኝ። አራት ዓመት ነው የጠበቅኩት። ሳልከሰስ ነው መቅረብ ያለብኝ፣ ሎየሬ ነግሮኛል። ከተከሰስኩ ይመልሱኛል። የወንድሞቼን ነገር ታውቂያለሽ? ሁለቱንም ከቤት ነው የወሰዷቸው።"

አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት የክስ ወረቀቷን ለአቃቤ ሕግ የምናስረክበው እኔና ሚለር መሆናችንን ግን አውቅ ነበር።

*

ግርማን ያገኘሁት ሆቴሉ ፍሮንት ዴስክ ላይ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የስም ባጁ የሚያበራ። የክፍሉ ጎበዝ ተማሪ እሱ መሆኑን ሁሉም ነግረውኛል። ጋሼ ክፍሉ ለረዳት ሥራ አስኪያጅነት የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉለት ነበር።

"ሐሙስ ጋሼን አግኝቻቸዋለሁ፣ አልደብቅሽም" አለኝ። "በአሥራ አንድ ሰዓት ጥያቄ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስወጣ ሃጂራ ወንበሯ ላይ ሆና ሻይዋን ይዛለች። ጋሼ እየተቆጧት ነው። ሶ፣ የእነሱ ጉዳይ ነው ብዬ ወጣሁ።"

"እዚያ ነበረች? እርግጠኛ ነህ?"

"በዓይኔ አይቻታለሁ። ሻይዋን ይዛ።"

"ከዚያስ?"

"ዌስትውድ ሙቪ ቤት ገባሁ። የአንድ ሰዓቱን።" ከቦርሳው የተቀደደ ትኬት አውጥቶ ሰጠኝ። ቀኑም ሰዓቱም ትክክል ነው።

"የተቀደደ ትኬት ታስቀምጣለህ?"

ሳቅ አለ። "ጋሼ ክፍሉ ደረሰኝ አትጣሉ ብለው ነው ያስተማሩን።"

መልሱ አሳቀኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ልጁን ወደድኩት። ሚለርም ሲሰማ ወደደው፤ ሻዩ ለብ ያለው ሃጂራ ሁለተኛ ኩባያ ስለቀዳች ነው ብሎ እሱንም ዘጋው። እኔም ዝም አልኩ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለ። ጋሼ ክፍሉ ሳይነቁ ሞቱ።

አሁን ድብደባ አይደለም፣ ግድያ ነው። ሚለር ወረቀቱን መሙላት ጀመረ። እኔ ጃኬቴን አንሥቼ ወጣሁ። ሃጂራን አምኛት አልነበረም፤ ግን ኪሴ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ወረቀት ትቆረቁረኝ ነበር። አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት የደመረውን ነገር ሳላውቅ መዝገብ መዝጋት አልወድም።

ዘሪሁንን ታክሲው ውስጥ አገኘሁት፤ ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አድርጎ በመሪው ላይ ተደፍቷል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ድምፀ ወፍራም ሰው ነው። ማክሰኞ ዕለት ሃጂራ ላይ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እሱ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

"ምነው ያን ዕለት አፌን በዘጋው" አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

"ጋሼ ክፍሉ ቁጥሩን ገልብጠሽ ነው ያሏት ከምን ተነሥተው ነው?"

"የዘጠኝ ሕግ ነዋ። አታውቂውም? ሃምሳ አራት መጻፍ ሲገባሽ አርባ አምስት ብለሽ ጻፍሽ እንበል። ልዩነቱ ስንት ነው?"

"ዘጠኝ።"

"ሠላሳ ሁለትን ሃያ ሦስት ብትይስ? ዘጠኝ። ሰባ አንድን አሥራ ሰባት ብትይ ሃምሳ አራት፣ እሱም ለዘጠኝ ይካፈላል። ቁጥር ከገለበጥሽ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለዘጠኝ ይካፈላል። ሶ፣ ሂሳብ አልመጣጠን ሲልሽ መጀመሪያ ልዩነቱን ለዘጠኝ ታካፍያለሽ። የእሷ ሃምሳ አራት፣ የግርማ አርባ አምስት። ዘጠኝ! ግርማ ራሱ ነው ቀድሞ እጁን አውጥቶ 'ገልብጣው ነው' ያለው። ጋሼ ተቀበሉት። እኛ ሳቅን።"

"የቤት ሥራው የአንድ ቀን ነው?"

"የአራት ቀን። ጋሼ የቀረውን ሐሙስ አርሜ አመጣለሁ ብለው ደብተሩን ሰበሰቡ።"

ቁራጯን ወረቀት አወጣሁና መሪው ላይ ዘረጋኋት። 9፣ 7፣ 11፣ 8።

ዘሪሁን ወረቀቷን አየ። ጣቱን በሰባት ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ በዐሥራ አንድ ላይ፣ ከዚያ በስምንት ላይ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

"ይሄ አይካፈልም" አለ። "ከሦስቱ አንዱም አይካፈልም። አልገለበጠችም!"

"ሠላሳ አምስቱስ?"

"የተተኛበት ግን ያልተከራየ አልጋ ነዋ። በአራት ቀን ሠላሳ አምስት ክፍል።" ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፣ "ጥሬ ገንዘብ የሚከፍል እንግዳ ይመጣል፣ ግርማ ብሩን ኪሱ ከትቶ የመመዝገቢያ ካርዱን ይቀድደዋል፣ ክፍሉ ባዶ ነበር ይባላል። አንሶላውን ግን ማን ያስበዋል?"

እኔም አላሰብኩትም ነበር። ጋሼ ክፍሉ ያን ምሽት የሃጂራን ስህተት ሲያርሙ አልነበረም፤ ልክ መሆኗን እያረጋገጡ ነበር። ሃጂራ የምትጣላበት ምክንያት የላትም። ግርማ አለው። ግን ግርማ ዌስትውድ ሙቪ ቤት ነው፤ የተቀደደ ትኬቱም እኔ ጋ ነው።

ሚለር በስልክ አዳመጠኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። "ይሄን ጥቅልል ወረቀት ዳኛ ፊት ልታነቢ ነው?"

*

ጋሼ ነጅሙዲንን እስከዚያ ያልጠየቅኳቸው በራሴ ስንፍና ነው። ሐሙስ ዕለት መደብሩን ዘግተው ሄደው ስለነበር ከምስክር አልቆጠርኳቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አንዲት ገበያተኛ ከጋሼ ክፍሉ ጋር በዚያ ክፍል ጉዳይ ሲጨቃጨቁ እንደሰማች ነገረችኝ። እልህ ይዞኝ መደብሩ ገባሁ።

"ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?"

የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። ከሚመዝኑት ምስር ቀና አሉ።

"አባትሽ አንቱ ማለት አላስተማሩሽም?"

ፊቴ ጋለ። በስምንት ዓመት የተሰደደ አማርኛ እንዲህ ቦታ ላይ ያጋልጣል። "ይቅርታ ጋሼ። የት ነበሩ?"

"ቤቴ ነበርኩ፣ ፒኮ መንገድ። ከሃያ ሰው ጋር ፆም ስፈታ። ማንኛቸውን ትጠሪያለሽ?"

"ምን ፆም?"

"ረመዳን ነው እኮ ልጄ" አሉ፤ ማዘናቸውን ሳይደብቁ። "ሐሙስ ፀሐይ የጠለቀችው አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ነው። ሰዓቱን የያዘውን ወረቀት እኔው ነኝ አባዝቼ የማድለው። ጓደኛዬ ክፍሉም አንድ ወስዶ እዚያ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።"

የባስ ሰዓት ዝርዝር ብዬ ያለፍኩት ወረቀት ትዝ አለኝ።

"ጋሼ ክፍሉ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?"

"ክርስቲያን ነው። ግን ደሴ ነው ያደገው፣ ከእኔ ጋር። እኛ ጋ ጎረቤትህ ሲፆም ሰዓቱን አብረህ ትጠብቃለህ። ስለ መማሪያው ኪራይ እንጨቃጨቃለን፣ እውነት ነው፣ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀናል። ግን ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት መደብሩን ስቆልፍ መጥቶ ሦስት ፍሬ ቴምር ወሰደ። ረመዳን ከገባ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ሦስት ፍሬ ይወስዳል። ለዚያች ለወሎዋ ልጅ።"

"ለሃጂራ?"

"ከሥራ ስትበር ነው የምትመጣው። ሁልጊዜ ሻዩን ሰዓቷ ሲደርስ ቀድቶ፣ ከድኖ፣ ቴምሩን አጠገቡ አድርጎ ይጠብቃታል። ቀድሞ አይቀዳውም፣ ይቀዘቅዛል። መፆሟን ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሆቴሏ ከሰማ ትደክማለች ብለው ሰዓት ይቀንሱብኛል ብላ ትፈራለች።"

ሐሙስ ማታ የጨለጠችው ውሃ፣ ዓርብ ጠዋት የገፋችው ሳንድዊች። አድማ ነው ብዬ ተናድጄባት ነበር። እዚያው ቆሜ በራሴ አፈርኩ፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

"ጋሼ፣ ጋሼ ክፍሉ ቴምሩን የወሰዱት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው? ከዚያ በፊት መማሪያው ውስጥ ቴምር አልነበረም?"

"ካርቶኑን የከፈትኩት በዚያች ደቂቃ ነው። እሱ ራሱ ነው በቢላዋው የቀደደልኝ።"

*

እሑድ ጠዋት ግርማን ጣቢያ ጠራሁት። ቡና ሰጠሁት፣ ሃዘኔን ገለጽኩለት። ሚለር ግድግዳውን ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

"ሃጂራን ነገ ለአቃቤ ሕግ እናስረክባታለን" አልኩት። "ያንተ ቃል ነው ዋናው። ቃልህ ጎዶሎ ከሆነ ጠበቃዋ ይበላናል። ሶ፣ ያየኸውን ሁሉ ልትነግረኝ ትችላለህ? ትንሽ ትልቅ ሳትል።"

"ኦኬ። እኔ ዝርዝር ላይ ጎበዝ ነኝ።"

"አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሃጂራ ወንበሯ ላይ ናት። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ?"

"ሻይ። ኩባያው ነጭ ነው።"

"ክፍት ነው?"

አሰበ። ትክክለኛ ለመሆን ሲጣጣር አየሁት። "የተከደነ ነው። በማስቀመጫው።"

"እየጠጣች ከሆነ ለምን ተከደነ?"

"ፉት ብላ ትከድነዋለች። እንዳይቀዘቅዝ ይመስለኛል።"

"ሌላስ? ጠበቃዋ ይጠይቅሃል። የምትበላው ነገር ነበረ?"

"ቴምር" አለ ወዲያው። "ሦስት ፍሬ። ከኩባያው በስተቀኝ።"

ሚለር አማርኛ አይሰማም። ግን ስንጥሩን ከአፉ አወጣው፣ እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ሲቆም አይቷል።

"ግርማ፣ ሃጂራ የወሎ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ?"

"አዎ። ምነው?"

"እስላም መሆኗንስ?"

"ስሟ ይናገራል እኮ።"

"ረመዳን መሆኑንስ?"

ቡናውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

"አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ገና ጣራ ላይ ነች። ሻይ ፉት የምትል ሃጂራ አልነበረችም። ይሄን ተወው፣ ምናልባት ፆሟን ገድፋ ይሆናል። ቴምሩን ግን ጋሼ ክፍሉ ከጋሼ ነጅሙዲን እጅ የወሰዱት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አንተ ከወጣህ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ሻዩን የቀዱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ጣቴን ስነክረው ገና ለብ ያለ ነበር። ከኩባያው በስተቀኝ ሦስት ፍሬ መሆናቸውን ያን ምሽት እዚያ ያልገባ ሰው ከየት ያውቃል? ንገረኝ እስቲ፣ መቼ ነው የቆጠርካቸው?"

"ሙቪ ቤት ነበርኩ" አለ። ድምፁ ግን ከእሱ የወጣ አይመስልም።

"ትኬትህ ገብተህ እንደነበር ይናገራል። በጎን በር አለመውጣትህን አይናገርም። መኪናህን አሁን እያስፈተሽኩት ነው። ደብተሩን ጣልከው ወይስ አለ?"

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

"መኪናው ውስጥ፣ ትርፍ ጎማው ሥር ነው። ልቀድደው ነበር። መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚያውቁ ልይ ብዬ... አራቱን ቀን ሁሉንም አስልተውታል።"

"አንተ ላይ ምን ሊያደርጉ ነበር?"

"ምንም!" ጮኸ። "ምንም አላሉኝም። ከሰዓት በኋላ ሆቴል ደወሉልኝ። 'ልጄ፣ ለማንም ከመናገሬ በፊት ከአንተ ልስማ፣ ስሕተት ካለ አብረን እናርመዋለን' አሉኝ። ሃጂራ ሳትመጣ ደብተሩን ልወስድ ነበር የሄድኩት፣ ወላሂ... እግዚአብሔርን፣ ያን ብቻ። ቁጭ ብዬ እየነገርኳቸው ሰዓታቸውን አዩ። 'እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል' ብለው ተነሥተው ሻይ ቀዱ። ከደኑት። ቴምሩን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ደረደሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሚለር ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያው መተርጎም አቃተኝ።

*

ሃጂራን እሑድ ከሰዓት ፈታናት። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ኢሚግሬሽን ቢሮ በር ላይ አገኘኋት፤ የመልቀቂያ ወረቀቷን በእጄ ይዤላት መጥቼ ነበር። ውስጥ ገብታ ሁለት ሰዓት ቆይታ ወጣች። ውሳኔው በፖስታ ይመጣል ብለዋታል፣ ከአምስት ወር በኋላ መጣ፣ ተፈቀደላት። ያን ዕለት ግን አታውቅም ነበርና በዚያው እግሯ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማክሰኞ ማታ ደብተሯን ይዤ ወደ ፌርፋክስ ሄድኩ። ለማስረጃ መዝገብ ቤት መግባት ነበረበት፤ ሚለር "ለሁለት ሰዓት አላየሁሽም" አለኝ። አስተማሪ የለም፣ ግን ዐሥር ተማሪዎች ከሰዓታቸው ቀድመው መጥተው በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። ሃጂራ መሐል ላይ ነች። ጋሼ ነጅሙዲን በሩ ላይ ቆመዋል። ወለሉ ታጥቧል።

"ጋሼ ክፍሉ ሐሙስ ሊነግሯችሁ የነበረ ነገር አለ" አልኩ። የመጨረሻውን ገጽ ከፈትኩ። ጽሑፉ በቀይ ነው፣ ፊደላቸው ቀጥ ያለ ነው። አማርኛ ጮክ ብዬ ሳነብ እንደምንተባተብ ስለማውቅ ቀስ ብዬ አነበብኩት።

"ሃጂራ። አልገለበጥሽም። ልዩነቱ ለዘጠኝ አይካፈልም። የቆጠርሽው ልክ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያሳፈርኩሽ በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታ የምጠይቅሽም በሰው ፊት ነው።"

ሃጂራ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ከኋላ ዘሪሁን ተነሣ፤ የሻዩንና የቴምሩን ነገር ከጋሼ ነጅሙዲን ሰምቷል። ወደ ግድግዳው ሄዶ የሰዓቱን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ የሻይ ማሞቂያውን ሰካ። ሻዩን ቀድቶ በማስቀመጫው ከድኖ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። ጋሼ ነጅሙዲን ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው አጠገቡ ፈቱት።

"ስንት ቀረው?" አለች ሃጂራ ቀና ሳትል።

"አሥራ አንድ ደቂቃ" አለ ዘሪሁን።

ወንበር ስበን ተቀመጥን፣ ሁላችንም። ደብተሯን ፊቷ አደረግሁላት። ቡና ይዤ ነበር፣ ሳልጠጣው መሬት ላይ አስቀመጥኩት።